በኮርቻ ውስጥ የተሰፋው ቃል

ቅፍለቱ ወንዙን መሻገር የጀመረው ፀሐይ ገና ብቅ እንዳለች ነበር። ስልሳ በቅሎና አርባ ወታደር የጦሩን ስንቅ ይዘው ወደ ምሽጉ ይጓዛሉ። ከፊት መቶ አለቃው በቡላ ፈረሱ ላይ ሆኖ ይመራል፤ ከኋላ የቅፍለቱ ኮርቻ ሰሪ የመሣሪያ ከረጢቱን በትከሻው አንግቶ በእግሩ ይከተላል። ኮርቻ ሰሪ ቦታው ሁልጊዜ ከኋላ ነው። ጠፍር ሲበጠስ፣ እርካብ ሲወልቅ፣ ስፌት ሲፈታ፣ የወደቀውን እየለቀመ የሚከተል ሰው ያስፈልጋል። እሱም ቦታውን ይወደው ነበር። ከኋላ የሚሄድን ሰው ዞሮ የሚያየው የለም።

ወንዙ መካከል ሲደርሱ የሽልብታን በቅሎ ድንጋይ አዳለጣትና በጎኗ ውኃው ውስጥ ተዘረረች። ሽልብታ የበቅሎ ነጂዎቹ አለቃ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ በቅሎ ላይ እንደተቀመጠ ማንቀላፋት ስለሚችል ሁሉም ሽልብታ ይለዋል፣ እሱም አቤት ይላል። ያን ቀን ግን ነቅቶ ነበር። ልጓሟን አንቆ፣ እየተሳደበና እያባበለ፣ ጎትቶ ከማዶ አወጣት። በቅሎዋ ምንም አልሆነችም። ኮርቻዋ ግን ውኃ ጠጥቶ እንደ እርጉዝ አብጦ ነበር።

ውኃ የገባው ኮርቻ ወዲያው ካልተፈታ ጉድ ያፈላል። ከቆዳው ሥር ያለው የፍየል ጠጉር እርጥቡን ይዞ ይቋጠርና እስከ ማታ የበቅሎዋን ጀርባ ይልጠዋል። ስለዚህ ስፌቱ ተተርትሮ ጠጉሩ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይሞላል። ይህን የሚሠራው ደግሞ ኮርቻ ሰሪው ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው በስፌቱ ላይ ቢላዋ እንዳያሳርፍ በቅፍለቱ የታወቀ ደንብ ነበር። ሽልብታ ግን ወዳጁን ኮርቻ ሰሪውን ከወዲያ ማዶ አየው፤ ጎንበስ ብሎ የተበጠሰ ጠፍር ይቀጥላል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲሰፋ ጣቶቹ ደምተው እንደነበር ያውቃል። ዛሬስ ላሳርፈው ብሎ ቢላዋውን ከሰገባው መዘዘ።

ኮርቻ ሰሪው ቀና ሲል ያየው ያንን ቢላዋ ነው። ጠፍሩን ጥሎ ከነልብሱ ውኃው ውስጥ ገባ። «ተው! አትንካው!» እያለ ጮኸ፤ የወንዙ ድምፅ ዋጠው። ሽልብታ ከማዶ እጁን አውለበለበለት፤ አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ ማለቱ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ኮርቻ ሰሪው ክርስቲያን ነበር። አገረ ገዢው አዋጅ ካስነገረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ የክርስቲያኖች መጽሐፍ፣ ሙሉውም ይሁን ቁራጩ፣ የተገኘበት ሰው ይሰቀላል። ኮርቻ ሰሪው መጽሐፉን የወረሰው ከአማቱ ነው፤ ኮርቻ መስፋትንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ እጁን ይዘው «ለሰው ንገር» አሉት። እሱም እሺ አለ። በሞት አልጋ አጠገብ ተቀምጦ እሺ ማለት የሚከብደው ማነው!

ከዚያ በኋላ መናገር አቃተው። ጧት ይወስናል፤ ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ከትናጋው ይጣበቃል። ሲጨንቀው አንድ መላ ዘየደ። መጽሐፉን ቅጠል በቅጠል ቆርጦ፣ እያንዳንዱን ቅጠል በሰም በተነከረ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሚሠራው ኮርቻ ሁሉ ውስጥ እየሰፋ ያስገባ ጀመር። አንድ ቀን ስፌቱ ይፈታል፣ ሰውየው ያነበዋል፣ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ እነግረዋለሁ። ለራሱ እንዲህ ይል ነበር። ግን ስፌቱ እንዳይፈታ እሱው ራሱ በጅማት ክር እጥፍ አድርጎ ይሰፋዋል። በዘጠኝ ዓመት ሠላሳ ሦስት ኮርቻ ሰፋ፣ አንዱም አልተፈታም፣ አንድም ሰው አልጠየቀም።

ባለቤቱ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን ከፋት። እሷ ውኃ ልትቀዳ በሄደች ቁጥር ለአንዷ ጎረቤት ሹክ ሳትል አትመለስም። «አባቴ መጽሐፉን የሰጠህ ለሰው እንድታነብለት ነው እንጂ ሰው እንድታስቀምጥበት አይደለም» አለችው። አንገቱን ደፍቶ መርፌውን ሰም መቀባቱን ቀጠለ።

አሁን እየተንጠባጠበ ማዶ ሲደርስ የሽልብታ ኮርቻ ተሰንጥቆ ነበር። ሽልብታ በሰም የተጠቀለለችውን ነገር በሁለት ጣቱ ይዞ ለነጂዎቹ ያሳያል። ክታብ መስሎታል። ለካ በቅሎዬ ገደል ላይ የማትደናቀፈው በዚህ ነው፣ ዛሬ ምን ነካት ታዲያ፣ እያለ ያስቃቸዋል። ማንበብ ስለማይችል ለቅፍለቱ ጸሐፊ ሰጠው። ጸሐፊው የቀለም ቀንዱን ወገቡ ላይ አስተካክሎ ወረቀቱን ፈታ፤ ሁለት መስመር አነበበና ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ወረቀቱን እንደ ፍም በጣቶቹ ጫፍ ይዞ ወደ መቶ አለቃው ሄደ።

መቶ አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራው እንዳይጓተትበት የሚፈልግ፣ ነገር የማይወድ ሰው ነበር። ግን አርባ ወታደር ቆሞ ያያል። ኮርቻው የማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ሽልብታ የኔ ነው አለ። ወረቀቱስ? ሽልብታ ገና አሁን እንዳየው ተናገረ። መቶ አለቃው ፊቱን ወደ ኮርቻ ሰሪው አዞረ።

«ይህን ኮርቻ የሠራኸው አንተ ነህ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። ኮርቻ ሰሪው አፉን ከፈተ፣ ከአፉ የወጣውን ድምፅ ራሱም የሌላ ሰው መሰለው።

«አድሼዋለሁ እንጂ ጌታዬ፣ የሠራሁትስ እኔ አይደለሁም።»

ሽልብታ ዞሮ አየው። ኮርቻውን ለእሱ ብሎ የሠራለት ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ወገቡን ለክቶ፣ ቆዳውን መርጦ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰፋው ይኸው አጠገቡ የቆመው ሰው ነው። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ነገሩ ያልቅ ነበር። ከዚያ ወደ መቶ አለቃው ዞሮ ኮርቻውን ከገበያ ከማያውቀው ሰው እንደገዛው ተናገረ፤ ሻጩ መንገደኛ ነበር፣ መልኩንም አላስታውስም አለ።

ኮርቻ ሰሪው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መሬት ግን ለእንደዚህ ያለ ሰው አትከፈትም።

ይባስ ብሎ መቶ አለቃው የሽልብታን እጅ የሚያስርበት ጠፍር እንዲያወጣ አዘዘው፤ የታሰረው ምሽጉ ሲደርስ ለሻለቃው ይሰጣል፣ ፍርዱም እንደ አዋጁ ይሆናል። ኮርቻ ሰሪው ከረጢቱን ከፍቶ ፈለገ። ከሁሉ ለስላሳውን፣ በሞራ ያሸውን ጠፍር መረጠ፣ የወዳጁን እጅ እንዳይልጠው። የሽልብታን እጆች ወደ ኋላ አድርጎ ሲያስር ማንም እንዳያይ ቋጠሮውን ላላ አደረገለት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታወቀው። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ያደረገው ደግ ነገር ሁሉ እንዲህ ያለ ነበር፤ የተደበቀ፣ ለስላሳ፣ ማንንም ከምንም የማያድን። ሽልብታ ግን ጎንበስ ብሎ በጆሮው «ጥሩ አድርገህ አስረኸኛል፣ አይቆረቁርም» አለው። ሊያጽናናው ነበር።

ጉዞው ቀጠለ። ሽልብታ በእግሩ ከሁለት ወታደሮች መካከል፣ ኮርቻ ሰሪው ደግሞ እንደ ልማዱ ከኋላ። ቀኑን ሙሉ የወዳጁን ጀርባና የታሰሩ እጆቹን እያየ ሄደ። ዓይኑን ወደ መሬት ሲያወርድ የሽልብታን ዱካ ያያል፤ ወደ ሰማይ ቀና ማለት ደግሞ አልደፈረም። መጸለይ ፈለገና ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ጌታ ሆይ ብሎ ቆመ። በአፉ የካደውን በልቡ መጥራት ዓይን አውጣነት ሆነበት። ምሽጉ ስደርስ እናገራለሁ አለ፤ ወዲያውም ራሱን ሰማው፤ ዘጠኝ ዓመት ሲለው የኖረው ይህንኑ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አረፉ። በቅሎዎቹ ጭነታቸው ተራግፎ ውኃ ጠጡ። መቶ አለቃው ኮርቻ ሰሪውን ጠርቶ የደረቀውን ጠጉር መልሶ ኮርቻውን እንዲሰፋ አዘዘው፤ ንብረቱ ከእንግዲህ የጦሩ ነው። እሱም ከሽልብታ ጥቂት ራቅ ብሎ ተቀምጦ ወስፌውን አወጣ። ጠባቂዎቹ ዳቦ ሊያመጡ ዞር ሲሉ ሽልብታ ቀስ ብሎ ተንፏቅቆ ቀረበው።

«ጸሐፊው ሊነግረኝ አልፈቀደም» አለው። «የምሰቀልበትን ነገር ማወቅ አለብኝ። አንተ ታነባለህ። ምን ይላል?»

ኮርቻ ሰሪው ወስፌው ከእጁ ወደቀ። በዚያ ቅጠል ላይ ያለውን ያውቃል። አሳፋሪው ነገር ደግሞ እሱ ነው። መጽሐፉን ሲቆራርጥ የሚወዳቸውን ቅጠሎች እየሰሰተ ያስቀምጥ ነበር። ለሽልብታ ኮርቻ ሲሠራ መርጦ ያስገባው ከሁሉ የማይሳሳለትን ነበር።

«ስሞች ናቸው» አለ። «የአንድ ሰው አያቶች ስም። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እያለ ይወርዳል።»

«ስም ብቻ?»

«ስም ብቻ።»

ሽልብታ ለአፍታ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሰው በነገር ይሰቀላል፣ በስድብ ይሰቀላል፣ በስም ዝርዝር ግን ሲሰቀል ሰምቶ አያውቅም። ሳቅ ያፈነው ይመስል ነበር። ከዚያ በቅሎ ነጂ ስለማያውቃት በቅሎ ዘር እንደሚጠይቅ ያህል ብቻ፣ ሌላ ነገር ሳያስብ፣ ጠየቀ።

«የማን አያቶች?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ጥያቄ ይህ ነበር። ወዳጁ እጁ ታስሮ፣ ሞት እየጠበቀው፣ ይኸው ጠየቀው። ኮርቻ ሰሪው የጌታውን ስም ሊጠራ አፉን ከፈተ። ጠባቂው ዳቦውን ይዞ ሲመለስ አየና፣ ከልማድ ብዛት፣ አፉ በራሱ ተዘጋ። በራሱ! እሱ ሳያዘው! ይህን ሲያይ ራሱን ተጸየፈ። በወንዙ ዳር የዋሸው ደንግጦ ነው ይባል፤ አሁን ግን ያስደነገጠው ዳቦ የያዘ ሰው ነው።

ተነሣ። መቶ አለቃው ከጸሐፊው ጋር ወደ ተቀመጠበት ሄዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ኮርቻውን የሠራው እሱ መሆኑን፣ ወረቀቱንም የሰፋበት እሱ መሆኑን፣ ነጂው የሚያውቀው አንዳች ነገር እንደሌለ ተናገረ። ድምፁ ቀጠነ እንጂ አልተቋረጠም።

መቶ አለቃው ዳቦውን ማኘክ አላቆመም። ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ሙቀቱ ነው፣ ደክሞሃል፣ ሂድ ተቀመጥ አለው። ከዚያም ጸሐፊው ብቻ እንዲሰማ አድርጎ ነገሩን አስረዳው፤ በቅሎ ነጂ በየመንደሩ ይገኛል፣ ስልሳ በቅሎ የሚያስተዳድር ኮርቻ ሰሪ ግን በዚህ ሁሉ አገር ሌላ የለም። ወዳጅህን ልታድን መዋሸትህን አልቆጥርብህም አለ። ጸሐፊውም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ይኸውና መውጫው። መናገርም ተናግሯል፣ መዳንም ይችላል፤ ማን ይወቅሰዋል? ኮርቻ ሰሪው ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ቆመ። ከዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ለመዋሸት እንዲህ የተመቸ ሰዓት አላጋጠመውም ነበር።

«ጌታዬ» አለ፣ «እርስዎ ከሚቀመጡበትም ውስጥ አለ።»

ማኘኩ ቆመ።

ኮርቻ ሰሪው ሌላ አልተናገረም። የመቶ አለቃው ኮርቻ ከዛፉ ሥር፣ ከነግላሱ፣ ከብር እርካቡ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ አምና ለሹመቱ የሠራለት ነው። ተንበርክኮ እጥፉን ስፌት በወስፌው ተረተረው። ወታደሮቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ከበቡ። እጁን ከፍየሉ ጠጉር ውስጥ አስገብቶ በሰም የተጠቀለለችውን አውጥቶ ፈታ፤ ከመጀመሪያዋ ጎን ጸሐፊው እጅ ላይ አኖራት። በአንድ እጅ የተቆረጡ፣ ከአንድ መጽሐፍ የወጡ ሁለት ቅጠሎች።

«አዋጁ የተገኘበት ይሰቀል ይላል» አለ ኮርቻ ሰሪው። «እንግዲህ የተገኘበት ሁሉ ጥፋተኛ ከሆነ እርስዎም ነዎት። ካልሆነ ጥፋተኛው የሰፋው ነው። የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

እንዲያ የተናገረው ነገር ጎንጉኖ አልነበረም፤ እውነቱን ሲናገር ነገሩ እንዲያ ሆኖ ወጣ እንጂ። መቶ አለቃው ግን ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ዓመቱን ሙሉ በሻለቃው ፊት፣ በአገረ ገዢው ሰልፍ ላይ፣ ምን ላይ ተቀምጦ እንደኖረ አሰበ። ከኮርቻው የወጣውን ወረቀት ከጸሐፊው መንትፎ ቦጫጨቀውና ለምግብ በተቀጣጠለው እሳት ላይ ጣለው። ከዚያ ግን አላስቻለውም። ምን ይል ነበር ብሎ ጠየቀ።

ሠላሳ ሰው ከቦ ቆሟል። ኮርቻ ሰሪው አሁንም ይፈራል፤ ፍርሃቱ ጥሎት ይሄዳል ብሎ ሲጠብቅ ኖሯል፣ አልሄደም። ከነፍርሃቱ ተናገረ።

«ሴቶች ማለዳ ወደ መቃብር ሄደው ባዶ ሆኖ ማግኘታቸውን ነው የሚለው። ክርስቶስ ሞቶ ነበር፣ ተነሣ። እኔ ይህን አምናለሁ። ካመንኩ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ስናገረው ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ማን ይቅር እንደሚለው ማንም አልገባውም። መቶ አለቃው ሽልብታ እንዲፈታ፣ ኮርቻ ሰሪው እንዲታሰር አዘዘ። ሌሎቹን ኮርቻዎች ማንም እንዳይነካቸው፣ እንዳይከፍታቸውም አስጠነቀቀ፤ ምን እንዳለባቸው ማወቅ አልፈለገም። ጉዞው ሲቀጥል ግን ብዙዎቹ ኮርቻቸውን በጎን እያዩ በእግራቸው መሄድ መረጡ። መቶ አለቃውም ፈረሱን ሳይጋልብ እየሳበ ሄደ።

ሽልብታ በነጻነቱ ደስ ያለው አይመስልም ነበር። የእጁን አንጓ እያሸ መጥቶ ከታሰረው ወዳጁ ጎን መራመድ ጀመረ፤ ጠባቂው አልከለከለውም። ኮርቻ ሰሪው ስለ ወንዙ ዳሩ ቃል ይቅርታ ሊጠይቅ ሞከረ፤ ሽልብታ በእጁ ገታው። ያ አይደለም አለ። ደንግጠህ ነው፣ ማንም ይደነግጣል። የከፋው ሌላ ነገር ነበር። ለመቶ አለቃው ከመቃብር የተነሣ ሰው ወሬ፣ ለሱ ግን የስም ዝርዝር የተሰጠበትን ምክንያት ጠየቀ።

«እሱ ትልቅ ሰው ነው ብዬ ነው» አለ ኮርቻ ሰሪው። ሲሰማው አስጠላው። «ደግሞም የሚሰቅለኝን ሰው አልነበረም የምፈራው። አንተን ነበር። ትስቅብኛለህ ብዬ።»

ሽልብታ አልሳቀም። ምሽጉ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀራል፣ እስኪ ንገረኝ አለው። ኮርቻ ሰሪው ነገረው። አነጋገሩ አያምርም። ከመካከል ጀመረ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ የረሳውን እየጨመረ አዘበራረቀው፤ አንዳንዴ ከልማድ ድምፁን ሲያወርድ ሽልብታ አልሰማሁህም ይለዋል፤ እሱም ይደግመዋል። ስለ መስቀሉ ነገረው። ስለ ሦስተኛው ቀን ነገረው። ያ የተነሣው የእሱ የሆኑ ሙታንንም እንደሚያስነሣቸው፣ መቃብር የመጨረሻ ቤታቸው እንዳልሆነ ነገረው።

ሽልብታ መንገዱ ላይ ቆመ። ከኋላ የመጣው በቅሎ ሊገፋው ሆነ።

«ልጄን የቀበርኩ ዕለት» አለ፣ «አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«ሰባቱንም ቀን መጥተሃል። ውኃ ስትሰጠኝ ነበር። ዝም ብለህ።»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ ይህን ታውቅ ነበር?»

ኮርቻ ሰሪው የሚገባበት ጠፋው። የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ትኩሳት በሁለት ቀን ወሰዳት። ሽልብታ በዚያ ሳምንት ግድግዳውን እያየ የት ሄደች እያለ ይጠይቅ ነበር፤ ከዕለት ዕለት፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ። እሱም አጠገቡ ተቀምጦ መልሱን በልቡ ይዞ ውኃ ይቀዳለት ነበር። የሚያቀልለት ቃል ፈለገ፣ አላገኘም። ደግሞም ማቅለል አልፈለገም።

«አውቅ ነበር» አለ።

ሽልብታ ፊቱን ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ጠባቂው እንኳ አንገቱን ደፋ። ቅፍለቱ እያለፋቸው ሄደ፣ አቧራው ተነሣ፣ ረጋ። ኮርቻ ሰሪው እንባውን የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም። ወዳጁ ቢመታው፣ ቢተፋበት፣ ጥሎት ቢሄድ ይገባኛል ብሎ ጠበቀ።

ሽልብታ ግን ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ተመለሰና አጠገቡ ቆመ።

«በል ቀጥል» አለው። «ስለሚነሡት ያልከውን እንደገና ንገረኝ። ቀስ ብለህ።»